የቅዳሜ ጠረጴዛ፦ ክር ያለው አምፖል

የኦክላንድና የሳን ሆዜ ቤተሰቦች፣ የዚህ ወር ሥራችን ብየዳ የለውም፣ የግድግዳ ኤሌክትሪክም አይነካም። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃዋል። ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ንጹሕ ድምፅ ያወጣል። አንድ ብቻ። «ለዚህ ነው እንዴ ቅዳሜዬን የማጠፋው?» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ አይዟችሁ፣ የእኔም ቤት ነበር።

የእኔው 14 ዓመቱ ነው። እንደብዙዎቻችሁ ልጆች የባንኩን ደብዳቤ የሚያነብልን፣ ስልክ ላይ የሚያስተረጉምልን፣ ሐኪም ቤት ከእናቱ ጋር ገብቶ የሚያወራልን እሱ ነው። ጎበዝ ነው፣ ይባረክ። ግን እንዲህ ያለ ልጅ ሲቆይ ሲቆይ አባቱ ምንም የማያውቅ ይመስለዋል። አልፈርድበትም። እኔ ደሴ እያለሁ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ ነበር የምተዳደረው፤ እሱ የሚያውቀኝ ግን ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስሠራ ነው። በመስከረም የትምህርት ቤት ቅጽ ሲሞላልን አንድ መስመር ላይ «ወላጆች ለክፍሉ ሊያሳዩት የሚችሉት ሙያ አላቸው?» የሚል ጥያቄ ነበረ። «የለም» ብሎ ጻፈ። ከትከሻው በላይ አየሁት፤ ዝም አልኩ።

ዝም አልኩ ግን ተናድጄ ነበር፣ ምን ይደበቃል። በሳምንቱ ብሬድቦርድ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌው ማይክ ይዘው ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጉ «ዊይይይ» ብሎ የሚጮኸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማይኩ የሰማውን ስፒከሩ አጉልቶ ያወጣል፣ ማይኩ ያንኑ መልሶ ይሰማል፣ ስፒከሩ ደግሞ ያጎላዋል፤ እንዲህ እየዞረ ጩኸት ይሆናል። ኦሲሌተር ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጩኸቱን የምንፈልገው ሆን ብለን መሆኑ ነው። የምንፈልገው ግን የተገራውን ነው።

መግራቱ ነው ከባዱ። ዥዋዥዌ ላይ ታናሽ እህታችሁን እየገፋችሁ ነው እንበል። ግፊታችሁ ካነሰ ቀስ በቀስ ትቆማለች። ከበዛ ደግሞ በየዙሩ ከፍ እያለች ሄዳ ገመዱ እስኪላላ ትደርስና «ጓ!» ትላለች። አንድ ከፍታ ላይ እንድትቆይ ከፈለጋችሁ በየዙሩ የምትሰጧት ግፊት አየሩና ገመዱ ከሚወስዱባት ጋር ልክ እኩል መሆን አለበት። ሰው ይሄን በዓይኑ እያየ ያስተካክላል። ሽቦ ግን ዓይን የለውም። ግፊቱ ሲያንስ ድምፁ ይሞታል፣ ሲበዛ የሞገዱ ጫፍ ከባትሪው ጣሪያ ጋር ይጋጭና ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ ሻካራ ነው። ቴክኒሻኖች ዲስቶርሽን፣ መዛባት የሚሉት እሱን ነው።

«ሻካራ» ስል ምን ማለቴ ነው? ማሲንቆና ዋሽንት አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ቢቆሙ እንኳ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትለዩዋቸዋላችሁ አይደል? ማሲንቆው ዋናውን ድምፅ ሲያወጣ ሁለት እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ አብረው ይወጣሉ፤ ያ ሆድ የሚያባባ ነገሩ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዋሽንት ላይ እነዚያ ተከታዮች ያንሳሉ። ሳይን ሞገድ ደግሞ ተከታይ ጨርሶ የሌለው፣ ብቻውን የቆመ ድምፅ ነው። ለሙዚቃ አሰልቺ ነው። ለጠጋኝ ግን ወርቅ ነው፤ ንጹሑን ድምፅ በአንድ በኩል ወደ አምፕሊፋየር ታስገባና በወዲያኛው በኩል ተከታይ ይዞ ከወጣ ያመጣው አምፕሊፋየሩ ነው ማለት ነው። የምታስገባው ውሃ ራሱ የደፈረሰ ከሆነ ግን ብርጭቆው ቆሻሻ መሆኑን በምን ታውቃለህ?

ይሄን መግራት በርካሽ የሠራው ሰው የእኛው ጎረቤት ነበር። ከሳን ሆዜ በካልትሬን ፓሎ አልቶ ወርዳችሁ በእግር የምትደርሱበት፣ አዲሰን ጎዳና ቁጥር 367፣ ከቤቱ ኋላ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጋራዥ አለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1938 ቢል ሂውሌትና ዴቭ ፓካርድ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች እዚያ መሥራት ጀመሩ። ፓካርድ ከሚስቱ ከሉሲል ጋር የቤቱን አንድ ፎቅ ተከራይቶ ይኖራል፤ ሂውሌት ጓሮ ባለች ትንሽ ክፍል ያድራል። የነበራቸው መነሻ ገንዘብ 538 ዶላር ነበር። በጥር 1939 ድርጅት መሠረቱ፤ የማን ስም ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ወርውረው ወሰኑ ይባላል። ዛሬ ፕሪንተራችሁ ላይ ኤችፒ የሚል የምታዩት የእነሱ ስም ነው።

የመጀመሪያ ዕቃቸው ኦሲሌተር ነበር፤ ሂውሌት በስታንፎርድ ለመመረቂያው የሠራው። በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበሩት ትልልቅና ውድ፣ በመቶዎች ዶላር የሚሸጡ ነበሩ። የእሱ 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ስሙን «200ኤ» አሉት፤ «1» ቢሉት ሰው ጀማሪ መሆናቸውን ያውቅባቸዋላ! ይቺን ብልሃት ሱቅ የከፈታችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። የዕቃውን የፊት ገጽ ቀለም የሚያደርቁት ደግሞ እነ ሉሲል ቤት የምግብ ምድጃ ውስጥ ነበር። (እናቶች፣ ይሄኛውን አንሞክርም።) የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የተሻሻለውን 200ቢን ስምንት ገዛ፤ አንዱ በ71 ዶላር ከ50፣ በ1940 ለወጣው «ፋንታዝያ» ለተባለው ፊልም የድምፅ መሣሪያዎች መፈተሻ።

ታዲያ እንዴት አረከሰው? ምስጢሩ አንዲት ተራ ትንሽ አምፖል ናት።

የአምፖል ክር ተንግስተን ነው። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ሲሞቅ እምቢ ይላል። ሂውሌት አምፖሉን ግፊቱን የሚወስነው ቦታ ላይ አስገባው። ድምፁ ከፍ ሲል በክሩ የሚያልፈው ይበዛል፣ ክሩ ይሞቃል፣ እምቢታው ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ድምፁ ሲደክም ክሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል። በቃ፣ ለዥዋዥዌው ዓይን ተተከለለት! ደግሞ ክሩ ዝግተኛ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። የእኛ ድምፅ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ክሩ በአንድ ዙር ውስጥ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም አይደርስም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሞገድ ቅርጽ አይነካም፣ አጠቃላይ ከፍታውን ብቻ ይጠብቃል። (በጣም ዝቅ ያለ፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ዓይነት ድምፅ ላይ ግን ክሩ ሞገዱን መከተል ይጀምራል፤ ያኔ መዛባቱ ይጨምራል።)

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። የሚያስፈልገው፦ ኤንኢ5532 የሚባል ባለ 8 እግር አይሲ፣ ውስጡ ሁለት ማጉያ ያለው፤ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ሁለት ባለ 15 ናኖፋራድ ካፓሲተር፤ ባለ 500 ኦም ተዟዟሪ ሬዚስተር፣ ያው ድሮ «ቮሊዩም» የምንለው፤ ሁለት ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፤ ቁጥር 327 የሚባል የ28 ቮልት፣ የ40 ሚሊአምፔር ትንሽ አምፖል ከነሶኬቱ፤ ሁለት ባትሪ ከነመያዣው፤ ብሬድቦርድና ሽቦ። 15 ናኖፋራዶቹ የፕላስቲክ ፊልም ይሁኑ፤ አንዳንዱ ርካሽ ሴራሚክ ቮልቱ ሲለዋወጥ መጠኑ አብሮ ስለሚለዋወጥ በራሱ መዛባት ያመጣል። እኛን ከቴስተሩ በስተቀር 20 ዶላር ያህል ፈጀብን። ፍራይስ በ2021 ከተዘጋ ወዲህ እየዞሩ መምረጥ ቀርቷል፤ በፖስታ አስመጣን።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። የአንዱን ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር አያይዙ፤ ይቺ መገናኛ «መሬት» ናት። የቀረው ፖዘቲቭ ወደ እግር 8፣ የቀረው ኔጌቲቭ ወደ እግር 4። ከ8 ወደ መሬት አንድ 100 ናኖፋራድ፣ ከ4 ወደ መሬት ሌላኛው። ከእግር 1 ወደ እግር 3 አንድ 10 ኪሎ ኦምና አንድ 15 ናኖፋራድ ተከታትለው ይሂዱ። ከእግር 3 ወደ መሬት ሌላው 10 ኪሎ ኦምና ሌላው 15 ናኖፋራድ ጎን ለጎን ይግቡ። ከእግር 1 ወደ እግር 2 ተዟዟሪው። ከእግር 2 ወደ መሬት አምፖሉ። የማንጠቀምበትን ግማሽ ለማስተኛት እግር 5ን መሬት ላይ፣ 6ን ከ7 ጋር። ድምፁ የሚወጣው ከእግር 1 ነው።

አራቱ ዕቃዎች፣ ሁለቱ 10 ኪሎና ሁለቱ 15 ናኖ፣ ከብዙ ድምፆች መካከል አንዱን መርጠው ሳያዘገዩ የሚመልሱ ናቸው፤ የመለሱትም ልክ ሲሶውን ነው። ስለዚህ ማጉያው ልክ ሦስት እጥፍ ማጉላት አለበት። ከሦስት ትንሽ ካነሰ ይሞታል፣ ትንሽ ከበለጠ ይቆረጣል። ማጉያው ሦስት እጥፍ የሚሆነው ተዟዟሪው የአምፖሉ እጥፍ ሲሆን ነው፤ አምፖሉ እየሞቀ ራሱን የሚያስተካክለው ወደዚያ ነው።

ልጄ እንግሊዝኛውን እያነበበ እግሩን እየቆጠረ ገጣጠመ። እጁ ፈጣን ነው፣ ከእኔ ይሻላል። ባትሪውን ሰካ። ዝም። ተዟዟሪውን አዞረ። ዝም። ሽቦውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና ሰካ፣ አይሲውን ቀየረ፣ ስልኩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ፈለገ። ፊቱ ሲቀላ አየሁና እኔም ቀረብኩ። የደሴ ልማዴ ነው፣ መጀመሪያ ማየት። አምፖሉን ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት።

«ይሄ እኮ ክር የለውም» አልኩት።

«ምን ማለት ነው ክር የለውም? 327 ይላል እኮ!»

ሰጠሁት። እሱም አየ። ውስጡ ክር ሳይሆን ቢጫ ነጥብ ነበረ፤ ኤልኢዲ። ሻጩ በ327 ቦታ የሚገባ ዘመናዊ ምትክ ነበር የላከልን። ለመብራት ቢሆን የተሻለ ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል። ለእኛ ግን የሚሞቅ ክር ከሌለው ምን ያደርግልናል? አደራ፣ ስታዙ «የክር አምፖል» መሆኑን አረጋግጡ። ሲመጣም በቴስተር ለኩት፤ እውነተኛው የእኛ አምፖል ቀዝቃዛ እያለ 70 ኦም ገደማ ያነብ ነበር።

ትክክለኛው በሳምንቱ መጣ። ተዟዟሪውን ከዜሮ ጀምረን በዝግታ አዞርነው፤ ከ140 ኦም አለፍ ሲል ድምፁ ተነሣ። መጀመሪያ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ እያለ ተወዛወዘና ተረጋጋ። አምፖሉ ራሱን ሲፈልግ እኮ ነው! ተዟዟሪውን በነካካችሁት ቁጥር እንዲህ ያደርጋል። በነገራችን ላይ አምፖሉ አይበራም፤ ልጆች ቁጭ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ይሞቃል እንጂ ብርሃን እስኪሰጥ አይደርስም። በቴስተሩ የኤሲ ቮልት 2 አካባቢ ሲደርስ ተውት። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ይሻክራል፤ ያኔ የባትሪው ጣሪያ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው። ልጄ ኮምፒውተሩን እስኪያይ ድረስ አልታወቀውም፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። «አሁን ተቆረጠ፣ መልስ!» አልኩት። አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

ለማየት ኦሲሎስኮፕ አያስፈልግም። ከእግር 1 በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል 100 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ ወደ መሬት 1 ኪሎ ኦም አድርጉና ከ1 ኪሎው ላይ ወደ ኮምፒውተሩ ማይክ መግቢያ ውሰዱ፤ ከመቶ አንዱ ብቻ ስለሚገባ ኮምፒውተሩ አይጎዳም። ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ድምፁን ቀድቶ የትኛው ድምፅ ስንት እንደሆነ በግራፍ ያሳያል። በሒሳብ 1061 ኸርዝ መሆን ነበረበት፤ የእኛው 1038 ሆነ፤ ካፓሲተሮቹ የተጻፈባቸውን ልክ አይሆኑማ። ሦስት እጥፉ ላይ ትንሽ ጉብታ አየን፣ ከዋናው ሺህ አንድ እንኳ አትሞላም። አምፖሉን አውጥተን በሁለት ዳዮድ የሚሠራውን የተለመደ ዘዴ ስንሞክር ጉብታዋ ወደ መቶ አንድ አደገች። ዳዮድ ፈጣን ነው፤ በየሞገዱ ጫፍ ላይ ወዲያው ይቆርጣል። ዝግታ ለካ አንዳንዴ ሙያ ነው።

ሚልፒታስ፣ ከሁለቱ ከተሞቻችን መሐል፣ ሊኒየር ቴክኖሎጂ ውስጥ ይሠራ የነበረ ጂም ዊሊያምስ የሚባል መሐንዲስ ይቺኑ የሂውሌት ሰርኪት ከ50 ዓመት በኋላ አንሥቶ በዘመናዊ አይሲ ሠርቷታል፤ አሻሽሎ አሻሽሎ መዛባቱን ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ድረስ አወረደው። በ2011 ሲያርፍ የሥራ ጠረጴዛው እንዳለ፣ ከነሽቦ ትርምሱ፣ ማውንቴን ቪው ባለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። «ጠረጴዛህን አንሣ!» ስትባሉ ይሄን ምክንያት ማቅረብ ትችላላችሁ፤ እናቶቻችሁ ግን የሚቀበሉት አይመስለኝም።

ጥንቃቄ፦ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ አትስሙ፣ ጆሮ ይጎዳል። ባትሪውን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር መሳቢያ ውስጥ አትጣሉ። ጥቃቅኑን ዕቃ ከሕፃናት አርቁ።

አዲሰን ጎዳና ሄደን ነበር፣ ልጄና እኔ። ጋራዧን ውስጥ ገብቶ ማየት አይፈቀድም፤ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆኖ ነው። ፊት ለፊት የካሊፎርኒያ የታሪክ ምልክት ቁጥር 976 ተተክሏል፤ የሲሊከን ቫሊ መወለጃ መሆኗንና የመጀመሪያ ዕቃቸው ኦሲሌተር እንደነበር ይናገራል። ከኦክላንድ የምትመጡ በባርት ሚልብሬ ድረስ፣ ከዚያ በካልትሬን። ልጄ ብዙ ቆመ። ከዚያ ስትመለስ ባቡር ውስጥ «አባዬ፣ ደሴ የነበረው ሱቅህ ስም ነበረው?» አለኝ።

ስም አልነበረውም። ሰው «እዚያ ሬዲዮ ቤት» ነበር የሚለው። አንድ በር፣ አንድ አምፖል፣ ግድግዳው ላይ ሰው ያልወሰዳቸው ሬዲዮኖች። ስለ እሱ እስከ ሳን ሆዜ አወራሁት፤ ቫልቭ ስለነበረው የቄስ ሬዲዮ፣ ዝናብ ስለገባበት ቴፕ። መሐል ላይ «ቫልቭ ምንድነው?» ብሎ አቋረጠኝ።

ለልጆች የወሩ ጥያቄ፦ ሁለቱን 10 ኪሎ ኦም በ24 ኪሎ ኦም ብትቀይሩ ድምፁ ወደ 442 ኸርዝ ይወርዳል፤ ክራር መቃኛ ልታደርጉት ትችላላችሁ። 221 ለማግኘትስ ስንት ኪሎ ኦም ያስፈልጋል? በሚቀጥለው ወር ቫልቭን ይዤላችሁ እመጣለሁ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።